በባዶ ፍላሽ ያነሳኋት ልጅ

ከከሚሴ እስከ ባቲ፣ ከባቲ እስከ ጨፋ ሮቢት፣ ፊት የሚባል ነገር በእኔ ካሜራ ሳያልፍ የቀረ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን ኖሮ ደሴን እጨምርበት ነበር። ሰው ሲወለድ አንስቻለሁ፣ ሲያገባ አንስቻለሁ፣ ሐጅ ሲሄድና ሐጂ ተብሎ ሲመለስ አንስቻለሁ። ለመታወቂያ ሊነሳ የመጣ ሰው ፊቱን ቤቱ ረስቶት ቢመጣ እንኳ ከሣጥኔ አውጥቼ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሌላ ፎቶ ቤት አለ፤ ባለቤቱ የሰው ጭንቅላት ከግማሽ በላይ አስገብቶ ማንሳት አይሆንለትም። «አናት ቆራጩ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስሙ ከገበያ ገበያ ዞሮ አሁን የራሱ ሚስትም በዚያው ትጠራዋለች ይባላል። እሱ ያነሳው የሠርግ ፎቶ ላይ ሙሽራውን ከከራባቱ በላይ ያየው ሰው የለም።

በቀደም አንድ ወጣት ቪዲዮ አንሺ ሱቄ መጣ። እንደ ንብ እየጮኸች ሰማይ ላይ የምትንሳፈፍ ካሜራ አለችው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣

«ጋሼ፣ እኛ ሐሳብ ሲጠፋን ኢንተርኔት እንከፍታለን። እርስዎ ያኔ ከየት ነበር የሚያመጡት?» አለኝ።

«ከጨፋ» አልኩት።

ሣቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ በሕይወቴ ካልቀለድኩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዷ ነበረች። «ጠዋት ቦርከና ወንዝ ላይ ጉም ሲተኛ ሂድና ሸለቆው ዳር ቁም። ጉሙ ፀሐይዋን አጣርቶ ነው የሚያሳልፋት። ማሽላው ጥላ የለውም፣ ከብቱ ጥላ የለውም፣ የሰው ፊት ላይ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ያን ብርሃን አንዴ ያየ ሰው ሱቁ ውስጥ መሥራት አያቅተውም። እኔ በር ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ ስንቱን ሙሽራ ጉም ውስጥ አስቀምጬዋለሁ መሰለህ።»

ስልኩ ላይ ጻፈው። ሲጽፍልኝ ደስ አለኝና ቀጠልኩ። «ገበሬ ካሜራ ፊት ፊቱ ከደረቀብህ ስለ በሬው ጠይቀው። ነጋዴ ከሆነ ስለ ጎረቤቱ ሱቅ ጠይቀው። የሙሽራዋ እናት ከሆነች ምንም አትጠይቃት፤ ዝም ብለህ አንሳና ሽሽ።»

«እና ያመለጠዎት ፊት የለም ማለት ነው?»

«የለም» አልኩት፤ ዓይኔን ሳላሽ።

አመስግኖኝ ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ዓይኔ ሱቁ ጥግ ተጠቅልሎ የቆመው አሮጌ ሸራ ላይ ተተከለ። ሸራው ላይ የተሳለ አይሮፕላን አለ። ተጠቅልሎም እንኳ የክንፉ ጫፍ ይታያል። ከዚያ አይሮፕላን ሥር አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር። እሷ አመለጠችኝ። ሌላው ሁሉ ተረት ይሁን፤ እሷን ግን አልዋሽባትም።

ነገሩ የሆነው በፊልም ካሜራ ዘመን ነው፤ ሞባይል የሚባል ነገር ከሚሴ ሳይደርስ። ያኔ ዕድሜዬ ሃያ አምስት ቢሆን ነው። አንድ የራሺያ ካሜራ ነበረኝ፤ ክብደቱ አንድ ጠቦት ያህላል። ከላዩ ላይ የሚሰካ ፍላሽ፣ አንድ ሦስት እግር፣ አንድ የተሰበረ ጃንጥላ፣ አንድ በርጩማ፣ እና ያ ሸራ። ሸራውን የሳልኩት ራሴ ነኝ። አይሮፕላን በቅርብ አይቼ ስለማላውቅ ከአውቶብስ ላይ አይቼ ነው የሳልኩት፤ ስለዚህ አይሮፕላኔ የጎን በር፣ ከላይ የዕቃ መጫኛ፣ ከኋላም መሰላል አለው። ግን ቀለሙ ያበራ ነበር። ባቲ ገበያ ላይ ስዘረጋው ግመል ይደነግጥ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም፤ አንድ ግመል ደንግጧል።

ሰኞ ባቲ፣ ሮብ ጨፋ ሮቢት፣ ሌላውን ቀን ከሚሴ ሱቄ ውስጥ ነኝ። የቀለም ፊልሙን ደሴ እየላኩ አሳጥባለሁ። ጥቁርና ነጩን ግን በሱቄ ጓዳ በቀይ አምፖል ራሴ አጥባለሁ።

እንግዲህ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የአንድ ፊልም ሆድ የሚችለው ሠላሳ ስድስት ሰው ነው፤ ቢለምኑት ሠላሳ ሰባት። ገበያው ደግሞ ሺህ ነው። የእኛ አገር ሰው ፎቶ ሊነሳ ወስኖ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ሰው እያየው በርጩማው ላይ ከተቀመጠ በኋላ «ፊልም አልቋል» ብትለው እንደ ናቅከው ነው የሚቆጥረው። «ለእገሌ ሲሆን ያላለቀ ለእኔ አለቀ?» ይላል። ሠርግ ላይ ከሆነ ዱላ ይመዘዛል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች መላ ነበረን። ባዶ ፍላሽ እንለዋለን። ፍላሹ ጀርባ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለች፤ እሷን ስትጫን ካሜራው ሳይነካ ብልጭ ይላል። ሰው ደግሞ ብልጭ ካለ ተነሳሁ ብሎ ያምናል፤ ብልጭ ካላለ በሺህ ፊልም ብታነሳው አያምንህም። የካሜራውን «ቀጭ» የሚል ድምፅ እኔ በምላሴ እሠራው ነበር። ወላሂ፣ ከካሜራው የበለጠ ካሜራ ይመስል ነበር። ሳምንት ሲመጡ «ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ፤ ኑ በነፃ ላንሳችሁ» እላለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይቀመጣሉ። ማንም አልተጎዳም። ይህን ዘዴ ለጓደኞቼ ሳወራ ሆዳቸውን ይዘው ይሥቁ ነበር።

ያን ሮብ ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ ከብት ነጋዴ ካልተነሳሁ አለ፤ ብቻውን ሳይሆን ከሰንጋው ጋር። ሰንጋው ከፊት፣ ሰንጋው ከጎን፣ ነጋዴው ቀንዱን ይዞ፣ ቀንዱን ለቆ። የፊልም መሳቢያዋን በአውራ ጣቴ ስገፋ ድንገት ሄዳ ደረቀች። አለቀ። ትርፍ ፊልምም አልያዝኩ።

መሣሪያዬን ልሰበስብ ስል ሦስት ሰዎች መጡ። አባት፣ እናት፣ እና ሴት ልጃቸው። ከሸለቆው ማዶ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ተነስተው በእግር ነው የመጡት፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። ይህን ሁሉ ልብ ብዬ ያየሁት ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ያየሁትን አለመርሳት ደግሞ ቅጣቴ ሆነ።

«አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ» አሉ እናትየዋ፤ ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ከነገ ወዲያ በባቲ አድርጋ ወደ ባሕሩ ልትሄድ ነው። አረብ አገር። ፉላ ኢሺ ይቅርልኝ፤ ፊቷ እንኳ ይቅርልኝ። ሌላ ምን አልኩ?»

አባትየው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሰው ናቸው። ፎቶ አይወዱም። ሥዕል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ነገሩኝ፤ ከዚያ «ለእሷ ስል ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ ሚስታቸው ጠቆሙና ፊታቸውን ወደ ከብት ተራው አዙረው ቆሙ።

«ፊልም አልቋል» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። አላልኩም። በኋላ ለራሴ ስነግረው «ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ባዷቸውን ልመልሳቸው አሳዘኑኝ» እያልኩ ነው። ውሸት ነው። ሃያ ሰው ከቦኝ ያይ ነበር፤ ከሰንጋ ጋር ላነሳሁት ነጋዴ ጨርሶብኝ ለእነዚህ አጣሁ ብሎ ማፈር አልፈለግኩም። ደግሞ ልጅቷ ልትሄድ ነው፤ ተመልሳ አትነሳም፤ ተቃጠለ ብል ማን ይከሰኛል።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሸራውን ዞር ብላ አየችና፣

«ይሄ አይሮፕላን መቼ ነው የሚበረው?» አለችኝ።

«አንቺን እየጠበቀ ነው እኮ» አልኳት።

«መሰላሉ ከኋላ ነው?»

«በኋላ የሚመጡ አሉ፤ ለእነሱ ነው።»

ሣቀች። ፍንጭቷ ታየች። ቁልፏን ተጫንኩ፤ ብልጭ አለ፤ በምላሴ «ቀጭ» አልኩ። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ጨፈንሽ፤ እንደገና» አልኳት።

እንደገና ብልጭ፣ እንደገና ቀጭ። ሁለት ጊዜ። ባዶ ካሜራ ይዤ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ጠብቂ ብዬ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ ብዬ። እናትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር። ልጅቷ እኔን ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እናቷን አየች፤ ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። 

በሚቀጥለው ሮብ አባትየው ብቻቸውን መጡ። ልጅቷ ሄዳለች። «ተቃጠለ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «ከደሴ አልመጣም» አልኩ። ያኛው ቀለለኝ። «ኸይር ነው» ብለው ሄዱ። በሌላው ሮብ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩ። «ኸይር ነው፤ አላህ ያምጣው» አሉ። አንድ ቀን እንኳ ቢሰድቡኝ ምን አለበት? አንድ ቀን ሸራውን በዱላቸው ቢቀዱት? እኒያ ሰው በመጡ ቁጥር ያን ወንዝ ተሻግረው፣ ያን ጭቃ ረግጠው፣ «ኸይር ነው» ብለው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ጨፋ ሮቢት መሄድ ተውኩ። ለሰው «ሮብ ሮብ ሆዴን ያመኛል» እል ነበር፤ ቀልዴን ነው ብለው ይሥቁልኛል፤ ግን እውነቴን ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ወሬ መጣ። ከዚያ አካባቢ የሄዱ ልጆች የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጠመች ተባለ። አስከሬን የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሰደቃ ወጣላት፣ ዱኣ ተደረገላት። እኔም ሰማሁ። ሰምቼ ሱቄን ዘጋሁና ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ።

አባትየው ሱቄ ድረስ ከሚሴ መጡ። ገበያ ቀን አልነበረም። በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ «ኧረ ይግቡ አባቴ፣ ሱቅ ነው» አልኳቸው። ገብተው ቆሙ።

«ያቺን ፎቶ» አሉ።

ጠረጴዛዬን መጥረግ ጀመርኩ።

«እናቷ ፊቷን እየረሳች ነው። ትናንት፣ ዓይኗ ምን ዓይነት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ላስብ ብዬ ተቀመጥኩ። አልመጣልኝም። ሥዕል አልወድም ነበር፤ ታውቃለህ። አሁን ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም። እናቷ ካላየቻት እህል አልቀምስም ብላለች።»

«ጁምዓ ይምጡ» አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ምላሴን ጠይቁት። ያው ካሜራ የሆነው ምላሴ ነው።

ሱቄ ውስጥ አንድ ሣጥን ነበረኝ። ተነስተው ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ፎቶና ኔጋቲቭ ያለበት። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ሣጥን አለው፤ ማንም ግን ከፍቶ ማየት አይወድም። ሦስት ቀን ሙሉ ኔጋቲቭ በመስኮት ብርሃን ላይ እያነሳሁ ስፈልግ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ አገኘሁ። ባቲ ላይ ያነሳኋት ነች፤ የዚያው አይሮፕላን ሥር፣ በዚያው በርጩማ። ማን እንደሆነች አላስታውስም። ከቆላው ትምጣ ከደጋው አላውቅም። አገጯ የእኛዋን ይመስላል፣ ግንባሯም። ዓይኗ ግን ወደ ጎን ያያል፤ ሳነሳት አንድ ሰው ጠርቷት መሆን አለበት።

በሕይወቴ እንደዚያ ተጠብቤ አላውቅም። ኔጋቲቩን አጉልቼ ወረቀት ላይ አጠብኩት። በሹል እርሳስ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አደረግኩ። በምላጭ ጫፍ ጥርሷን ፈነጨትኩ። ሻሿን በፎቶ ቀለም አረንጓዴ ቀባሁት፤ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀይ፣ ጉንጯ ላይ ከዚያ ያነሰ። ሐሳብ ከየት ይመጣል ላለው ወጣት ያልነገርኩት ይህን ነው። ከጨፋ ጉም ብቻ አይመጣም። ከፍርሃትም ይመጣል፤ ያውም የሚበልጠው።

ጁምዓ አባትየው መጡ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ካሜራ ሰው ይቀይራል አይደል?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቀይራል» አልኳቸው።

«ኸይር ነው» አሉ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። እኒያን ሰው ዳግመኛ አላየኋቸውም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞቱ። አውቀው ይሁን ሳያውቁ የተቀበሉት፣ ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ጀመርኩ። በትከሻ የሚሸከሙት ትልቅ ካሴት የሚውጥ ካሜራ ገዛሁ፤ ስሸከመው ሰው ቀንበር የተጫነብኝ ይመስለው ነበር። ሠርግ ከሠርግ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ሙሽራ አጅቤ ከሸለቆው ማዶ በእነዚያ ሰዎች መንደር አለፍኩ። አንዲት እናት ከአጥር ውስጥ ወጥተው ክንዴን ያዙኝ። እሳቸው ናቸው። አወቁኝ።

«ና ግባ፤ ልጄን የመለስክልኝ ሰው ሳትገባ አታልፍም።»

ገባሁ። ግድግዳው ላይ፣ በቀጭን ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተሰቅሏል።

«ስሰግድ እሸፍናታለሁ» አሉ። «ሟቹ እንዲያ ብሎኛል። ስጨርስ እገልጣታለሁ። አሁን የዙህር ነበር።» ጨርቁን ገለጡት።

ያቺ የባቲ ልጅ አየችኝ ልል ነበር። አላየችኝም። ከእኔ ጎን ነው ያየችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ እናትየዋ። «አንተ ነህ ያነሳሃት፤ ታውቃለህ። ምንን ነው የምታየው? እኔ በዚህ ብቆም በዚያ ብቆም አታየኝም። ከጎኔ ነው የምታየው። አንዳንዴ ዞር ብዬ አያለሁ፤ ማንም የለም።»

«አይሮፕላኑን ነው» አልኳቸው።

«አይሮፕላኑ ከኋላዋ ነው እኮ።»

  ውጭ የሙሽራው ጓደኞች «ኧረ ካሜራው የት ሄደ» እያሉ ይጣሩ ነበርና ሮጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካሴቱን ሳቀናብር፣ ከሚጨፍሩት ሴቶች መካከል አንዲት ልጅ ማንም ሳይጠራት ወደ ጎን ዞር አለች። መልሼ አየኋት። ሌላ ልጅ ናት፤ ሌላ ፊት ነው። ግን ዞር ማለቷ ያው ነው። ቆርጬ ጣልኳት። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ሠርግ ላይ አንዲት ዞር የምትል አለች። ሰው ሞልቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ከበሮ እየተመታ። በካሜራው ማያ ቀዳዳ ውስጥ ፈልጌ ነው የማገኛት ወይስ እሷ ነች የምታገኘኝ፣ አላውቅም።

ሌላም ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ያቺ የባቲ ልጅ ፎቶዋን ሳትወስድ ለምን ቀረች? ምናልባት በዚያው ሳምንት እሷም ወደ ባሕሩ ወርዳ ይሆናል። ምናልባት የሰጠመችው እሷ ናት። እንዲያ ከሆነ ዱኣው ለባለቤቱ ደርሷል እልና ትንሽ እጽናናለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ የእሷ እናት የት ናት? ፊቷን ማን ሰጣት? እላለሁ። አንዷን ሴት ከአንድ ቤት አጥፍቼ ሌላዋን ሌላ ቤት ሰቅያለሁ። ሙያዬ ይህ ሆነ።

ብዙ ዓመት አለፈ። ፊልም ቀረ፣ ካሴት ቀረ፣ ሁሉም በኮምፒውተር ሆነ። ከአረብ አገር ሰው እየተጫነ በሚመለስበት ሰሞን፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰች ሴት ሱቄ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ዞር ዞር ብላ አየችና ጥጉ ላይ ያለውን ሸራ በጣቷ ነካችው።

«አይሮፕላንህ እስካሁን አልበረረም?» አለችኝ።

ጠባሳዋ ግራ ቅንድቧ ላይ ነበረች። እኔ ካደረግኩበት ቦታ ትንሽ ወደ ላይ።

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። በሌላ ጀልባ ነበር የተሻገረችው። ቤት ውስጥ ስትሠራ ኖራለች፤ የላከችው ደብዳቤ አልደረሰም፤ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍ ብላ ተወችው። ይህን ሁሉ በሁለት አረፍተ ነገር ነገረችኝ፤ ለእሱ አልነበረም የመጣችው።

«ማናት?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እናቴ እቤት ስገባ አየችኝ፤ ከዚያ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። አቅፋኛለች፤ አልቅሳለች። ግን ስሜን እየጠራች ከእሷ ጋር ነው የምታወራው። ‹ልጄ ስትሄድ እንዲህ አልነበረችም› አለችኝ። ለእኔ። ስለ እኔ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ያየችው ያንን ፊት ነው። የእኔን ፊት የምታውቅበት ምንም ነገር የላትም።»

እውነቱን ነገርኳት። ፊልም እንዳልነበረ፣ ቁልፏን እንደተጫንኩ፣ ሣጥኑን፣ እርሳሱን፣ ምላጩን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ፊልም እንዳልነበረህማ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«ባለ ሰንጋውን ስታነሳ ቆሜ አይቻለሁ። ባነሳህ ቁጥር በአውራ ጣትህ የምትገፋት ነገር ነበረች። ለእኔ አልገፋሃትም። ድምፁ ደግሞ ከአፍህ ነበር የወጣው፤ ከንፈርህ ተንቀሳቅሷል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ ደስ ብሏት ነበር። ሰው ፊት ላሳፍራት? ደርሼ ጥሩ ፎቶ ተነስቼ እልክላታለሁ አልኩ።» ከዚያ በርጩማውን ስባ፣ አዎ ያንኑ በርጩማ፣ ተቀመጠች። «አሁን አንሳኝ። እናቴ የምትለማመደው ፊት ስጠኝ። ያለብህን ነው የጠየቅኩህ።»

አንተ አለችኝ ልብ በሉ፤ በዕድሜ እበልጣታለሁ። ልክ ነበረች።

ካሜራ አወጣሁ። ዲጂታል ነው፤ ሺህ ፎቶ ይይዛል፣ ዓይን ሳይቀር ራሱ ፈልጎ ያጠራል፤ ዓይነ ስውር ቢይዘው የሚያነሳ ካሜራ ነው። ነጩን አንሶላ በር ላይ ዘረጋሁ። ብርሃኑ ጉም መሰለ። ስለ በሬ የምጠይቃት የለኝም፤ ዝም ብዬ አነሳኋት። «ቀጭ» አለ፤ ከካሜራው ነበር። ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ላይ አየሁት፤ ድብዝዝ ያለ። እንደገና። እጄ ተንቀጥቅጦ ፊቷ ሁለት ሆኗል። ካሜራውን ሦስት እግር ላይ ሰቀልኩት። በማያው ቀዳዳ ውስጥ ሳያት ደግሞ አሁን ዞር ትላለች እያልኩ ቀድሜ እጫናለሁ፤ ዓይኗ ተከድኖ ይወጣል። እሷ ዞር አላለችም። አንዴም አላለችም። ቀጥ ብላ እኔን ነው የምታየው። ሠላሳ ስድስት ጊዜ አነሳሁ፤ የቆጠርኩት አውቄ አይደለም፤ አውራ ጣቴ የለመደችው ቁጥር ነው። አንድም ሰው የሚመስል አልወጣም።

«በቃ?» አለችኝ።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አልኳት።

ተነሳሁና መንገዱን አሻገርኳት። አናት ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሱቁን ረግጬ አላውቅም። ደንግጦ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ።

«አንሳልኝ» አልኩት።

«አንተ እያለህ?»

«አንሳልኝ አልኩህ።»

እሷን አየ፣ እኔን አየ። ሊሥቅ የነበረ ይመስለኛል፤ ተወው። አስገባት፤ አንዴ አነሳት። አንድ ጊዜ ብቻ።

ፎቶውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሚስማሩን እንኳ ልምታ ብዬ። እናትየዋ ከባቲዋ ልጅ አጠገብ አሰቀሉኝ። የባቲዋን ላወርድ እጄን ስዘረጋ፣

«ተዋት» አሉ። «የሰው ልጅ ናት። እናቷ መጥታ እስክትወስዳት እዚህ ትቆይ።» ከዚያ በባቲዋ ልጅ ዓይን አቅጣጫ ዞር ብለው ተመለከቱ። ዓይኗ ያረፈው አዲሱ ፎቶ ላይ ነበር። ለካ በዚያ በኩል ነው የሚሰቀለው።

እናትየዋ የልጃቸውን ፊት ቀስ በቀስ ለመዱት፤ ጊዜ ወሰደባቸው እንጂ። አንዳንዴ ፎቶውን፣ አንዳንዴ እሷን እያዩ፣ ጠባሳዋን በጣታቸው እየነኩ።

እንግዲህ ከከሚሴ እስከ ባቲ ያላነሳሁት ፊት የለም ብዬ ነበር የጀመርኩት። አንድ ፊት ሁለት ጊዜ ፊቴ ተቀምጧል። አንዴ ፊልም እንደሌለኝ እያወቅኩ በምላሴ «ቀጭ» አልኩበት፤ አንዴ እጄ ተንቀጠቀጠ። እዚያ ቤት ያለውን የእሷን ፎቶ ያነሳው አናት ቆራጩ ነው። አናቷም ሙሉ ነው።